አፍ የሚሆንልዎ ማን ነው?

በጅማ ከተማ፣ በአንድ የዕድር አዳራሽ ለአረጋውያንና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም። አካም ኦልተን። በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጭቃ ጃንጥላ ይዛችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የዕድሩ ዳኛና ጸሐፊው ከወርኃዊው መዋጮ በፊት ሰዓት ስለሰጡን እግዚአብሔር ይስጥልን። ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፣ ወንበር አለ፤ ወደ ፊት ጠጋ በሉ። የዛሬው ነገር ከአባቶቻችሁ ይልቅ እናንተን የሚያስጨንቅ ነው። ለምን እንደሆነ ስንደርስበት ታዩታላችሁ።

የምናወራው ስለ ቀዶ ሕክምና ነው። ግን ስለ መቅደዱና ስለ መስፋቱ አይደለም። አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ኦፕራሲዮን ገብተው ነገሩ እንደታሰበው ባይሄድ፣ እሳቸውም መናገር ቢያቅታቸው፣ ማን ይናገርላቸው? ምን ብሎ ይናገርላቸው? ጥያቄው ይሄ ነው።

«ምን ያለ ሟርት ነው፤ በደህና ገብተው በደህና ይውጡ በሉ እንጂ» የምትሉ አላችሁ። በደህና ይግቡ፣ በደህና ይውጡ። አብዛኛው ሰውም በደህና ነው የሚወጣው። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይሄ ዕድር ሲቋቋም ሟርት ነው ያለ ሰው ነበር? ድንኳኑን፣ ብረት ድስቱን፣ ይህን የተቀመጣችሁበትን ወንበር የገዛችሁት ሰው እንዲሞትባችሁ ፈልጋችሁ ነው? ቀኑ ሲመጣ ቤተሰቡ ብቻውን እንዳይደናገጥ ብላችሁ ነው። እኔም ዛሬ የምለው ከዚህ አይለይም።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ፣ በሕክምናው በኩል ምን ሊገጥም እንደሚችል። ቀጥሎ፣ ተጠሪ ማን ይሁን የሚለውን። በመጨረሻ፣ ለተጠሪው ምን እንንገረው፣ ምንስ እንጻፍለት የሚለውን። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ቆየት እላለሁ፤ ቤተሰብ የሚጣላው እዚያ ላይ ነውና።

አንደኛው። በቀጠሮ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከድንገተኛው የሚለየው በጊዜው ነው። መኪና የገጨው ሰው ጊዜ የለውም፤ አንጀቱ የተቋጠረበት ሰው ጊዜ የለውም። የእንቅርት፣ የፕሮስቴት፣ የሐሞት ጠጠር፣ ያልታነቀ ሄርኒያ (ቡአ የምንለው)፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ፣ እነዚህ ግን ቀን ተቆርጦላቸው ነው የሚሠሩት። አንዳንዴ ወር ይጠበቃል፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። ደግሞም በእኛ አገር «ቡናው ይለቀምና ከዚያ በኋላ» እየተባለ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስንቱ ቀጠሮ ይገፋል! ይገፋ፣ ግድ የለም። ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን እናደርጋለን? ገንዘብ እንፈልጋለን፣ ደም የሚሰጥ ዘመድ እንፈልጋለን፣ የጤና መድን መታወቂያው ለዓመቱ መታደሱን እናያለን። ይሄ ሁሉ ደግ ነው። አንዱን ብቻ እንረሳለን። አባታችንን፣ እናታችንን፣ «እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» ብለን መጠየቅ እንረሳለን።

ኦፕራሲዮኑ ከመደረጉ በፊት የስምምነት ቅጽ ትፈርማላችሁ። ልብ በሉ፤ ያ ፊርማ የሚለው «ይህ ኦፕራሲዮን እንዲሠራልኝ፣ ሰመመን እንዲሰጠኝ ተስማምቻለሁ» ነው። «ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መተንፈስ ቢያቅተኝ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ማሽን ላይ አቆዩኝ» የሚል ቃል እዚያ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙም። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ ግሬችን ሽዋርዝ የምትባል ቀዶ ሐኪም ይህን ጉዳይ ለዓመታት አጥንታዋለች። ያገኘችው ይሄ ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ «በሽተኛው ኦፕራሲዮኑን ከፈቀደ ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም ሁሉ ፈቅዷል» ብሎ ያስባል። በሽተኛው ግን ስለዚያ አልሰማም፣ አላሰበም፣ አልፈቀደም። ሁለቱም ቅን ናቸው፤ ሆኖም አልተነጋገሩም።

ታዲያ ምን ሊገጥም ይችላል? ያረጀ ቡና ስትጎነድሉ ሁሉም ጉቶ እኩል አያቆጠቁጥም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ሳንባው ቢታመም ኩላሊቱ ይሸከምለታል፣ ልቡ ይሸከምለታል። በሰባና በሰማንያ ዓመት ግን አንዱ ሲደክም ሌላውን ይዞት ይወርዳል። የሳንባ ምች፣ የልብ ድካም፣ ስትሮክ፣ የኩላሊት መድከም፣ የቁስል መመረዝ ሊመጣ ይችላል። የፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ላይ የምንፈራው መድማትን ነው። እንቅርት ላይ ደግሞ አንገት ውስጥ የሚጠራቀም ደም የመተንፈሻ ቧንቧን እንዳይዘጋ ነው የምንፈራው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት። እንዲህ ሲሆን በድንገት ቱቦ በጉሮሮ ይገባል፣ ማሽን ይተነፍሳል። ቱቦው እያለ መናገር የለም። እጅ ቱቦውን እንዳይነቅል ሊታሰር ይችላል፤ የሚያስተኛ መድኃኒትም ይሰጣል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ይደነግጣል። መቃዠት ነው። አባትየው ኦፕራሲዮኑ ደህና አልፎላቸዋል፣ ማታ ልጆቻቸውን ስም እየጠሩ አመስግነዋል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ይነሳሉ። ግድግዳው ላይ ከብት ያያሉ። የግሉኮሱን መርፌ ይነቅላሉ፣ ከአልጋ ሊወርዱ ይታገላሉ። አጠገባቸው ያለችውን ልጃቸውን «አንቺ ማነሽ?» ይሏታል። ልጅቷ ታለቅሳለች። «ጂን ነው» የሚል ይመጣል፣ «ሰመመኑ አሳበደው» የሚል ይመጣል። ጠዋት ደግሞ ደህና ይሆናሉ፤ ሲመሽ ይመለስባቸዋል። ይሄ እብደት አይደለም። በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይመጣል፣ በአብዛኛውም በቀናት ይተዋል። አንዳንዱ ላይ ሳምንታት ይቆያል። ሕመም ሳይታገስ ሲቀር፣ ሽንት ሲታገድ፣ ኢንፌክሽን ሲኖር፣ እንቅልፍ ሲታጣ፣ ውኃ ሲጎድል ይብሳል። መነጽር ወይም የጆሮ ማዳመጫ ቤት ሲረሳም ይብሳል። ስለዚህ መነጽራቸውን በኪስ ይዛችሁ እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ሂዱ፤ ሲወጡ እዚያው አድርጉላቸው። የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይሁን። ቀኑን፣ ቦታውን ደጋግማችሁ ንገሯቸው። «ከወገብ በታች ብቻ ነው የተደነዘዙት፣ እሳቸው ላይ አይመጣም» አትበሉ፤ በዚያም ይመጣል።

ይህን ያነሳሁት ለምንድን ነው? በዚያች ሌሊት ሐኪሙ «እንዲህ ልናደርግ ነው፣ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ቢመጣ፣ አባትየው መልስ የላቸውም። ሰውነታቸው አልጋው ላይ አለ፤ ቃላቸው ግን የለም። ቃላቸው ሌላ ሰው ዘንድ በአደራ መቀመጥ ነበረበት።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው የሚመጣው። ተጠሪ።

እባካችሁ አንድ ነገር እንለይ። አስታማሚና ተጠሪ አንድ አይደሉም። አስታማሚ ማለት ሾርባውን በፔርሙስ የሚያመጣው፣ መድኃኒት ለመግዛት የሚሮጠው፣ ፍራሽ ሥር የሚያድረው ነው። ብዙ ጊዜ በቤቱ ትንሹ ልጅ ነው፤ ሥራ ስለሌለው ወይም ትምህርት ስለተዘጋለት ተልኮ የመጣ። ተጠሪ ግን ውሳኔ ሲመጣ በአባትየው ፈንታ የሚናገረው ነው። አሁን ምን ይሆናል? ሐኪሙ ሲመጣ አልጋው አጠገብ ያገኘው የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ነው። «ፈርም» ይባላል። ምን እንደሚፈርም አያውቅም፣ የአባቱን ልብ አያውቅም፣ ግን ይፈርማል። ከዚያ አዲስ አበባ ያለው ትልቁ ወንድም ይደውላል፤ «ማን ፈርም አለህ?» ይለዋል። ልጁ ያንን ፊርማ ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል። ወጣቶች፣ ወደ ፊት ጠጋ በሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ታዲያ ተጠሪ ማን ይሁን? ትልቁ ልጅ ስለሆነ ብቻ አይሁን። ገንዘብ የሚልከው ስለሆነ ብቻም አይሁን። ስልኩ ሲደወል የሚነሳ ይሁን። በአንድ ቀን ውስጥ ሆስፒታሉ መድረስ የሚችል ይሁን። የእርስዎን ቋንቋና የሐኪሙን ቋንቋ የሚያውቅ ይሁን፤ እናታችን በኦሮምኛ ወይም በካፍኛ ልባቸውን ተናግረው በአማርኛ ግማሹ ብቻ ሲደርስ ስንት ነገር ይጠፋል! ከሁሉም በላይ፣ አጎቶች ተሰብስበው ሲጮኹ «አባቴ ያለው ይህን ነው» ብሎ መቆም የሚችል ይሁን። አንዳንዴ ይሄ ሰው ሚስትዎ ናቸው። አንዳንዴ ሦስተኛዋ ሴት ልጅ ናት። አንዳንዴም ልጅ አይደለም፤ የአርባ ዓመት ጎረቤት ነው። እርስዎ ያውቃሉ። ሲመርጡ ግን ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ይሄ ሰው እኔ የምፈልገውን ይናገራል ወይስ እሱ የሚፈልገውን?» በጣም የሚወድዎ ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ መልቀቅ አይሆንለትም። ይሄ ጥፋት አይደለም፤ ለዚህ ሥራ ግን ሌላ ሰው ይሻላል።

አንድ ተጠሪ ይበቃል፣ አንድ ምትክ ይጨመር። አምስት ተጠሪ ማለት ተጠሪ የለም ማለት ነው። ሲመርጡም በጆሮ አይንገሩት። ቡና ተፈልቶ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ውጭ አገር ያለችውም በስልክ ድምፅ ማጉያ እየሰማች፣ «ማስታመሙ የሁላችሁ ነው፣ ቃሌ ግን እሷ ጋ ነው» ይበሉ። ያልሰማ ሰው ነው በኋላ የሚጣላው።

አሁን ወደ ሦስተኛው። ምን እንነጋገር? «አባባ፣ ብትሞት ምን ይደረግ?» ብሎ መጀመር ነውር ነው፣ ማንም አይመልስም። እስቲ አንዲት ልጅ እንዴት ልትጀምረው እንደምትችል በምሳሌ ልናገር። ፊንጃሉን ሰጥታ ትቀመጣለች።

«አባዬ፣ ያ የሄርኒያው ቀጠሮ ደርሷል አይደል? ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ምን ለማድረግ ነው የጓጉት?»

«እኔማ ምን ብዬ፤ ማሳዬን ዞሬ ማየት ነው። ቆሜ መስገድ ነው።»

«አላህ ያድርሰዎ። ሐኪሞቹ ጥቂት ሰው ላይ ነገሩ ይከብዳል ብለው ነበር። እርስዎ እንቅልፍ ላይ ሆነው እኔን ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

«ያሉትን ያድርጉ በያቸዋ።»

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እናቆማለን። አታቁሙ። «ያሉትን ያድርጉ» መልስ አይደለም፤ ጨዋነት ነው። አንድ እርምጃ ቀጥሉ።

«እሺ። ግን ቢድኑ፣ ከአልጋ የማይነሱ ቢሆኑስ? እኛን ባያውቁንስ?»

አባትየው ዝም ይላሉ። ዝምታውን አትፍሩት፤ እያሰቡ ነው። ሌላ ፊንጃል ቅጂላቸው። ምናልባት «እግሬ ቢቀር እችለዋለሁ። አጎትሽም ተቀምጦ ነው የኖረው። ሰው ሳላውቅ፣ ሰው እያጠበኝ መኖር ግን አልፈልግም» ይላሉ። ይሄው! ሐኪሙ የሚፈልገው ይህችን ቃል ነው። ከዚህች ቃል ተነስቶ ስንቱን ውሳኔ ይፈታል። ሌላው ሰው ደግሞ በተቃራኒው «ዐይኔ እስካለ፣ ትንፋሼ እስካለ የፈጣሪ ነው፣ ሁሉንም ሞክሩልኝ» ሊል ይችላል። ያም ትክክል ነው። እኛ የምንጠይቀው አንዱን መልስ ለማስመረጥ አይደለም።

ከዚህ ሌላ መጠየቅ ያለባቸውን ልጥቀስ። ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? በእኛ አገር ልጆች ሐኪሙን በር ላይ ይዘው «ለእሳቸው እንዳትነግራቸው» ይላሉ። በፍቅር ነው። ግን እሳቸው ይህን ፈልገዋል? አንዳንዱ አረጋዊ «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ አልስማ» ይላል፤ መብቱ ነው። አንዳንዱ «ከእኔ አትደብቁ፣ ዕዳዬን ልክፈል፣ ይቅርታ ልጠይቅ» ይላል። ቀድመን እንጠይቅ።

ሪፈር ቢባል፣ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ልሂድ ይላሉ ወይስ አልሂድ? ተስፋ ካለቀ ቤቴ ልሙት ይላሉ? ይሄ በጅማ ትልቅ ነገር ነው። ቤቱ መሞት የሚፈልግ ሰው በማሽንና በመድኃኒት ተይዞ ሳለ «አሁን እንውሰደው» ማለት ከባድ ነው፤ መንገድ ላይ ያልፋል። ስለዚህ ተጠሪው ሐኪሙን በጊዜ «ወደ ቤት ልንወስዳቸው ብንፈልግ እስከ መቼ ነው የሚቻለው? የሕመም ማስታገሻውስ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ገንዘብም ይነሳ። ነውር የለውም። «የቡና ማሳዬን ሸጣችሁ እንዳታሳክሙኝ» የሚል አባት አለ። «ከብቱን ሽጡ፣ መሬቱን ግን አትንኩ» የሚሉ እናት አሉ። ይህን ሳይናገሩ ከቀሩ ልጆቹ በፍቅርና በይሉኝታ ሁሉንም ይሸጣሉ፤ እምቢ ያለው ልጅ ደግሞ «አባቱን በገንዘብ ለወጠ» ይባላል። አባት በሕይወት ሳሉ ድንበሩን ቢያበጁ፣ ልጅ ከዚያ ስም ይድናል።

ልብ ቢቆምስ? ደረት እየተጫነ፣ ኤሌክትሪክ እየተሰጠ ልብን ለማስነሳት ይሞከራል። ኦፕራሲዮን አልጋው ላይ በሰመመኑ ምክንያት የቆመ ልብ፣ ባለሙያው እዚያው ስላለ፣ የመነሳት ዕድሉ የተሻለ ነው። ከቀናት በኋላ፣ ብዙ አካል ደክሞ የቆመ ልብ ግን ሌላ ነው። ሁሉ ነገር በተሟላላቸው አገሮች ሆስፒታሎች ውስጥ እንኳ፣ ልባቸው ከቆመባቸው በሽተኞች በሕይወት ወደ ቤት የሚመለሱት ከአራት አንድ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሱ ናቸው፤ በዕድሜ የገፉትና ሌላ ሕመም ያለባቸው ዕድላቸው ይበልጥ ይጠባል። የአረጋዊ የጎድን አጥንትም በመጫኑ ብዙ ጊዜ ይሰበራል። «ልቤ ከቆመ ተዉኝ» የሚል ሰው ካለ፣ ይህን ለሰመመን ሰጪው ቀድሞ ይንገር። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ ቃል ኦፕራሲዮን ስለተገባ ብቻ በዝምታ አይሰረዝም፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት እንደገና ቁጭ ተብሎ ይነጋገሩበት ብሏል። «በኦፕራሲዮኑ ሰዓትና ሰመመኑ እስኪለቅ ሞክሩልኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ተዉኝ» ማለት ይቻላል። ይሄ ለብዙ ሰው የሚስማማ መንገድ ይመስለኛል።

ሌላም መካከለኛ መንገድ አለ፤ በቀን የተወሰነ ሙከራ። «ማሽን አልፈልግም» ወይም «ማሽኑን አትንቀሉ» ከማለት ይልቅ «አምስት ቀን ወይም አንድ ሳምንት ሞክሩ፤ ከዚያ ተቀምጣችሁ እዩ። መሻሻል ካለ ቀጥሉ፤ ከሌለ ሥቃዬን አታርዝሙ» ማለት ነው። ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ሆናችሁ ቁረጡ፣ ምን ቢታይ መሻሻል እንደሚባልም ጠይቁ። ለቤተሰብም ትንፋሽ ይሰጣል፤ በአንድ ሌሊት ለመወሰን አይገደድም።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ። «ማሽን ይቅርብኝ» ማለት «ሕክምና ይቅርብኝ» ማለት አይደለም። የሕመም ማስታገሻው ይቀጥላል፣ የትንፋሽ ማጠሩን የሚያቀል መድኃኒት ይቀጥላል፣ አፍ ይረጥባል፣ ገላ ይታጠባል፣ ጎን ይገለበጣል። ራስን መግደልም አይደለም። ጥርጣሬ ያላችሁ ቀጠሮው ሳይደርስ ሼሁን፣ የንስሐ አባታችሁን፣ ፓስተሩን ጠይቁ። አልጋው አጠገብ ሆኖ መከራከር ለማንም አይበጅም።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ደግሞ ይህን ጠይቁ፤ «ነገሩ በጣም ደህና ቢሄድ ከሦስት ወር በኋላ እንዴት እሆናለሁ? በጣም ቢበላሽስ? እንደ እኔ ዕድሜና እንደ እኔ ሕመም ላለው ሰው የትኛው ይቀርባል? ኦፕራሲዮኑ ቢቀርስ?» ቅድም የጠቀስኳት ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ያዘጋጀችው መላ ይህንኑ ነው፤ ሁለት መስመር በወረቀት ላይ ይሠመራል፣ ላይኛው ጫፍ ጥሩው፣ ታችኛው ጫፍ መጥፎው፣ ሐኪሙም ይሆናል ብሎ የሚገምተው ላይ ምልክት ያደርጋል። አንዱ መስመር ለኦፕራሲዮኑ፣ አንዱ ያለ ኦፕራሲዮን ለሚሄደው መንገድ። «በወረቀት ላይ ሥለህ አሳየኝ» በሉት ሐኪሙን፤ ደስ ይለዋል። ተጠሪው አብሮ ይግባ። ወረፋው ረጅም፣ ሐኪሙ ጥድፊያ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹን ጽፋችሁ ያዙ፣ ዋናውን አስቀድሙ።

በመሐል አንድ ነገር ላስገባ፤ ለሰመመን ሰጪው እውነቱን ተናገሩ። ጫት ይቅማሉ? ይናገሩ፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋልና ሰመመኑን ይነካል። የባህል መድኃኒት፣ የደም ማቅጠኛ፣ የስኳር መድኃኒት፣ ሁሉንም ከነዕቃው ይዛችሁ ሂዱ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ የቱ መቼ እንደሚቆም እነሱ ይነግሯችኋል።

ጽሑፉስ? ማህተም ያለው ቅጽ ይሰጠናል ብላችሁ አትጠብቁ። ተራ ወረቀት ይበቃል። መጻፍ የማይችል ሰው እየተናገረ ሌላ ይጻፍለት፣ ይነበብለት፣ አሻራውን ያኑር። ለምሳሌ እንዲህ፤

«እኔ እገሌ፣ ዕድሜዬ 74፣ ለፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ልገባ ነው። ራሴ መናገር ካቃተኝ ልጄ እገሊት ትናገርልኝ፤ ስልኳ ይሄ ነው። እሷ ካልተገኘች ወንድሜ እገሌ። የመዳን ተስፋ ካለ ማሽንም ቢሆን አንድ ሳምንት ሞክሩልኝ። በሳምንቱ፣ ሰው ለይቶ፣ ተናግሮ ወደ ቤቱ አይመለስም ካላችሁ ማሽን ላይ አታቆዩኝ። ደም ብትሰጡኝ እቀበላለሁ። ሕመሜን አስታግሱልኝ። የሚቻል ከሆነ ቤቴ ውሰዱኝ። ማሳዬ አይሸጥ።» ቀን፣ ፊርማ ወይም አሻራ፣ የሁለት ሰው ምስክር።

ምን ይበላሻል? «ምንም እንዳይደረግልኝ» ተብሎ ይጻፋል፤ ታዲያ አንቲባዮቲክስ? ግሉኮስስ? ሐኪሙ ምን ይያዝ? «ሁሉ ይደረግልኝ» ተብሎ ይጻፋል፤ ይሄም ያው ነው። ልጅ በራሱ ፈቃድ ጽፎ አባትን ያስፈርማል፤ ይሄ ጭራሽ አይሆንም። ከሁሉ የከፋው ግን ተጽፎ ሳጥን ውስጥ ከመሬት ካርታው ጋር መቆለፉ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሳጥኑ ሰቃ ወይም አጋሮ ነው፣ በሽተኛው ጅማ ነው፣ ቁልፉ እናት አንገት ላይ ነው! ሦስት ቅጂ ይኑር። አንዱ ከሕክምና ካርዱ ጋር እንዲያያዝ ነርሷን ጠይቁ፣ አንዱ ተጠሪው ኪስ፣ አንዱ ቤት። ፎቶ አንስታችሁም በስልክ ያዙት። ኦፕራሲዮኑ ዋዜማ ላይ ለነርሷ፣ ለሰመመን ሰጪው፣ ለቀዶ ሐኪሙ በአፍ ንገሩ፤ «የእሳቸው ተጠሪ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱ ይሄው» በሉ። ተረኛ ሲቀየር እንደገና ንገሩ። ይሄ መድገም አይሰልቻችሁ።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። ማንም ሰው ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ላይ አለ። ይሄ ወረቀት ግን የንብረት ኑዛዜ አይደለም። ኑዛዜ የሚከፈተው ከሞት በኋላ ነው፤ በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ አራት ምስክሮች ፊት መነበብን የመሰለ የራሱ ሥርዓት አለው። ይሄኛው የሚያስፈልገው ነፍስ ሳለች ነው። ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ አትጻፉ፤ የውርስ ነገር ሲገባበት ሐኪሙ ፊት ክርክር ይነሳል። ቤት ለመሸጥ የሰጣችሁት ውክልናም ለዚህ አያገለግልም፤ በሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። ሐኪሙም ወረቀታችሁን ከሕክምናው እውነታ፣ ከሕጉና ከሆስፒታሉ አሠራር ጋር አገናዝቦ ነው የሚሠራበት። ግን ወረቀቱ ከሌለ የሚያገናዝበው ነገር እንኳ የለውም።

ኦፕራሲዮኑ በደህና ካለፈ ወረቀቱን አትቅደዱት። ሰው ሐሳቡን ይለውጣል፤ አዲስ ሕመም ሲመጣ፣ ሌላ ቀጠሮ ሲያዝ፣ ተጠሪው አገር ሲቀይር አውጥታችሁ አንብቡት፣ ቀኑን አድሱት። ራሳቸው መናገር እስከቻሉ ድረስ ግን ወረቀቱም ተጠሪውም ዝም ይላሉ፤ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ይህን አደራ እላለሁ። ከአልጋው በላይ ለልጅ ብቻ እየተነገረ አባትየው እንደሌሉ ሲታለፉ በጣም ያሳዝናል።

አሁን በሩ አጠገብ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። ቀጠሮ የያዛችሁ አንድ አንድ ውሰዱ፤ ዛሬ ማታ የሚጻፈው የተጠሪው ስምና ስልክ ብቻ ቢሆን እንኳ ይበቃል፣ ሌላው በሳምንቱ ይሞላል። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እናቴ፣ ከእርስዎ እንጀምር፤ በኦሮምኛም ቢሆን ይጠይቁ፣ የሚያስተረጉም አለ።